በብድር የተገዛ ጠመንጃ አፈሙዙ ወዴት ይዞራል?

የአገር መከላከያ በጀት በወጣ ቁጥር የማይጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። ስንት ታንክ፣ ስንት አውሮፕላን፣ ስንት ክፍለ ጦር የሚለውን ማለቴ አይደለም። እሱ ምስጢር ነው ይባላል፤ ይሁን እንበል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ገንዘቡ የማን ነው? ከእኛ ከግብር ከፋዮቹ ኪስ የወጣ ነው? ወይስ ነገ «በሉ አምጡ» ከሚል ሰው ኪስ የመጣ? ጎረቤቱን ሊመክት የተነሳ ሰው ዱላውን ከዚያው ከጎረቤቱ አጎት ተበድሮ ከሆነ፣ ጠቡ ሳይጀመር ነገሩ ተበላሽቷል።

ይህን የምለው ሠራዊቱን ለማሳነስ እንዳልሆነ አንባቢዬ ከወዲሁ ይወቅልኝ። እዚህ አገር ስለ መከላከያ ገንዘብ ትንፍሽ ያለ ሁሉ የጠላት ወሬኛ ተደርጎ መታየቱ የቆየ ልማድ ነው። በአፄውም ጊዜ ነበር፤ በደርግም ነበር፤ ከዚያም በኋላ አልቀረም። ወታደሩን የሚጎዳው ግን ጠያቂው ሳይሆን ዕዳው ነው። ለምን እንደሆነ ሩቅ ሳንሄድ ከገዛ ታሪካችን ደጃፍ እንጀምር።

በኅዳር 1868 ዓ.ም. የግብፁ ገዥ የከዲቭ እስማኤል ጦር ጉንደት ላይ ተደመሰሰ። ይህን ሁላችንም ተምረነዋል። ብዙዎቻችን ያልተማርነው፣ በዚያው በኅዳር ወር፣ ከጉንደት ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ይኸው እስማኤል በስዊዝ ካናል ላይ የነበረውን የአክሲዮን ድርሻ ጠቅልሎ ለእንግሊዝ መንግሥት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ መሸጡን ነው። ለምን ሸጠ? ዕዳ አንቆት! ሥልጣን ሲይዝ ጥቂት ሚሊዮን ፓውንድ የነበረው ያገሩ ዕዳ ወደ 90 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። ካይሮን እንደ ፓሪስ ላድርጋት አለ፤ ቤተ መንግሥት፣ የባቡር ሐዲድ፣ የመስኖ ቦይ፣ ኦፔራ ቤት ሳይቀር አሠራ። አልበቃ ብሎት የዓባይን ምንጭ ልያዝ አለና አሜሪካዊና አውሮፓዊ መኮንኖች ቀጥሮ፣ ሬሚንግተን ጠመንጃና ክሩፕ መድፍ አስታጥቆ ወደ እኛ አዘመተ። ያ ሁሉ በአራት ማዕዘን በብድር የቆመ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ ጉራ ላይ ሁለተኛው ጦር የመጀመሪያውን ዕጣ አገኘው። በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ፊት ወድቆ ጠመንጃውና መድፉ እኛ እጅ ገባ። ዕዳው ግን እስማኤል እጅ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ በሚያዝያ ወር ካይሮ ላይ የአበዳሪዎች መሥሪያ ቤት ተከፈተ። ይህ መሥሪያ ቤት የግብፅን ገቢ እየተቀበለ ለአውሮፓ አበዳሪዎች የሚያደርስ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ እንግሊዛዊ የግብፅ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ፤ ፈረንሳዊ የሥራ ሚኒስትር ሆነ። እነዚህ ሰዎች «ወጪ ይቀነስ» ሲሉ መጀመሪያ መቀሳቸውን ያሳረፉት የት ላይ ይመስላችኋል? ወታደሩ ላይ! በየካቲት 1871 ዓ.ም. 2 ሺህ 500 ያህል መኮንኖች በግማሽ ደሞዝ እንዲቀመጡ ታዘዙ። መኮንኖቹም አደባባይ ወጥተው ሚኒስትሮቹን አንገላቱ። በሰኔ ወር እስማኤል ራሱ ከሥልጣን ወረደ። የኮሎኔል ዑራቢ አመፅ ተከተለ፤ በ1875 ዓ.ም. መባቻ የእንግሊዝ ጦር ካይሮ ገባ፤ የግብፅ ሠራዊትም ተበተነ። አንድ አገር አክሲዮን በመሸጥ የጀመረችው መንገድ በሰባት ዓመት ውስጥ የውጭ ጦር ሰፈር አደረሳት።

«ታዲያ የግብፅ ኪሳራ ለእኛ ምናችን ነው? ይበላቸው!» የሚል አይጠፋም። እንዲያ አይደለም ወገኖቼ። ግብፅ ስትወድቅ ምጽዋ ባለቤት አልባ ሆነች። በግንቦት 1876 ዓ.ም. የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት አድዋ ድረስ መጥቶ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ተዋዋለ፤ በምጽዋ በኩል ዕቃችን በነፃ እንዲያልፍ ቃል ተገባ። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ መልካም ፈቃድ ጣልያን ምጽዋን ያዘ። ዶጋሊም አድዋም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የዛሬው የባሕር በር ክርክራችን ሥር ሲማስ፣ አንዱ ሥሩ ካይሮ ውስጥ በተፈረመ የብድር ወረቀት ላይ ይገኛል። የጎረቤት ዕዳ እንኳ እንዲህ ከነካን የገዛ ዕዳችን ምን ያደርገን?

የእኛም ነገሥታት ተበድረዋል። አይ፣ አልተበደሩም የሚል ካለ ታሪክ አላነበበም። ከውጫሌ ውል በኋላ በመስከረም 1882 ዓ.ም. ደጃዝማች መኮንን ጣልያን አገር በተዋዋሉት ተጨማሪ ስምምነት አፄ ምኒልክ 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበድረዋል። ከፊሉ ለጦር መሣሪያ መግዣ ነበር። መያዣው ምን ነበር? የሐረር ጉምሩክ! በዚያ ዘመን የመንግሥቱ ዋና የገቢ በር የነበረችውን ከተማ ማለት ነው። ነገሩ ያስፈራል። አንቀጽ 17ን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ይህን የብድር ውል ግን ስንቱ ያውቀዋል? እንደ እኔ ከሆነ አንቀጽ 17 አንዱ ገመድ ነበር፤ ብድሩ ደግሞ ሁለተኛው። አንደኛው ቢበጠስ ሁለተኛው እንዲይዝ የተጣለ።

ምኒልክ ምን አደረጉ? ዕዳውን ከፈሉ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ አድዋ ላይ ሲሰለፉ ለጣልያን ባንክ የሚመልሱት ሳንቲም አልነበረም። ስለ አድዋ ሲወራ ስለ ጎራዴው፣ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ጥይቱ ብዙ ተብሏል፤ በየዓመቱ በየካቲት እንጨፍራለን። የከፈሉትን ብር ግን ማንም አያነሳውም። ዕዳው እንዳለ ቢሆን ኖሮ ጣልያን አንድ ጥይት ሳትተኩስ ሐረር ላይ እጇን ለማሳረፍ ወረቀት ነበራት።

አሁን ወደ ቅርቡ እንምጣ። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት የወሰደው መሣሪያ በአብዛኛው በዱቤ ነበር። ሱማሌ በወረረን ጊዜ የመጣው ታንክና ሚግ አገር አድኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ዱቤው አላቆመም። በሰሜኑ የእርስ በርስ ጦርነት ዓመት ከዓመት የዱቤው መዝገብ እየወፈረ ሄደ፤ ሠራዊቱ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ደረሰ፤ ከሰሐራ በታች ትልቁ ጦር ተባለ። በኋላ ጎርባቾቭ መጥተው «እኛም ቸግሮናል» አሉ። ኩባዎቹ ወጡ። መለዋወጫው ቀረ፤ ጥይቱ ሳሳ። ያ ሁሉ ጦር በግንቦት 1983 ዓ.ም. እንደ ጉም በነነ። ለውድቀቱ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፤ ግፉ አለ፣ የመኮንኖች ግድያው አለ፣ አፈሳው አለ። ቢሆንም ስንቁ በአበዳሪ እጅ ያለ ጦር፣ አበዳሪው ፊቱን ሲያዞር ምን እንደሚገጥመው በዓይናችን አየን።

ከዚያስ? መርከቦቹ ሄዱ። ወደቡ ሄደ። ታንኩ በየመንገዱ ዳር ዝጎ የሕፃናት መጫወቻ ሆነ። ዕዳው ግን ቁጭ ብሎ ጠበቀን። ደርግ ሲወድቅ አገሪቱ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የውጭ ዕዳ ነበረባት፤ ከዚህ ውስጥ ትልቁ ቁራሽ የሞስኮ ነበር። ሩሲያ አብዛኛውን የሰረዘችው አሥር ዓመት ያህል ቆይታ ነው። «ዕዳ ከሜዳ» ማለት ይኼ ነው፤ ልጆቹን ጦር ሜዳ የቀበረ ገበሬ፣ ልጆቹ የሞቱበትን ጠመንጃ ዋጋ እንዲከፍል የተጠየቀበት።

ከኤርትራ ጋር በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነትም የራሱን ሒሳብ አስመጥቷል። ከባድ ዕዳ ላለባቸው ድሆች አገሮች የተዘጋጀው የስረዛ ዕድል ለኛ የተከፈተው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1994 ዓ.ም. ነው፤ የተጠናቀቀውም በሚያዝያ 1996 ዓ.ም.። ከጦርነቱ በኋላ ከመቶ ሺህ በላይ ተዋጊ የተሰናበተው እንኳ በዓለም ባንክ ብድር ነበር። ስናዘምትም በብድር፣ ስናሰናብትም በብድር! ያም ሆነ ይህ ስረዛው መጣ፤ በ1999 ዓ.ም. አካባቢ የውጭ ዕዳችን ከ2 ቢሊዮን ተኩል ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ንጹሕ ደብተር ተሰጠን። እንደዚያ ያለ ዕድል ለአገር በመቶ ዓመት አንዴ አይገጥምም።

ምን አደረግንበት? ሞላነው። በ2016 ዓ.ም. የውጭ ዕዳችን ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር ተጠግቶ ነበር። መንገድ አልተሠራም፣ ግድብ አልተገነባም አልልም፤ ዓይን ያለው ያያል። የጅቡቲው ባቡር አለ፤ የብድሩ መመለሻ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ቻይናን መለማመን ያስፈለገ ቢሆንም አለ። ነገር ግን በስኳር ፋብሪካዎቹ ላይ የፈሰሰውን ገንዘብ ያየ ሰው ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። እዚህ ላይ የመከላከያና የዕዳ ታሪክ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመውና በወታደራዊ መኮንኖች ሲመራ የነበረው ሜቴክ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ተሰጠው፤ የማዳበሪያ ፋብሪካም ተሰጠው፤ ለሌላም ለሌላም ታጨ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ያኔ የነበሩት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በቴሌቪዥን ቀርበው ድርጅቱ በስድስት ዓመት ውስጥ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል አሉ። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከሕዝብ ባንክ ነው። ወታደር ጠመንጃውን አስቀምጦ ነጋዴ ሲሆን ነጋዴም ወታደርም ሳይሆን ይቀራል፤ ዕዳው ደግሞ የንግድ ባንክ መዝገብ ላይ ይተኛል። በ2017 ዓ.ም. ንግድ ባንክን ከመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ ለማውጣት የ900 ቢሊዮን ብር ቦንድ ሲወጣ የከፈልነው ይህን የመሰለውን ሁሉ ነው።

አንድ ነገር በመሐል ላንሳ። በ2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠች፤ ወለዱ ከመቶ 6.625፣ ጊዜው አሥር ዓመት። ያን ጊዜ ለገዢዎች የተበተነው ሰነድ ከመቶ ገጽ በላይ ነበር። በሰነዱ ላይ መንግሥታችን ለባዕድ ባለገንዘቦች ድርቅ ሊመጣ ይችላል፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ዳግም ሊነሳ ይችላል፣ ፖለቲካው ሊናጋ ይችላል ብሎ በግልጽ ጽፎላቸዋል። ልብ በሉ! እዚህ እኛ ያንኑ ብንጽፈው «ሽብር መንዛት» ይባል ነበር። ለንደንና ኒውዮርክ ላለ ቦንድ ገዢ የተነገረውን ያገር ደኅንነት ሥጋት ያገሩ ሰው ከውጭ ዜና ወኪል ሰማው። አበዳሪ ከዜጋ በፊት የሚከበርበት አገር ማለት ይኼ ነው፤ አበዳሪው እውነቱ የሚነገረው ገንዘቡን ስለሚፈልጉት ነው፤ ዜጋው ግብሩን ወዶ አይደለም የሚከፍለው።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሳ። የዚያን ጦርነት ሰቆቃ እዚህ አልዘረዝረውም፤ የማያውቀው የለም። ስለ ገንዘቡ ብቻ ልናገር። ለ2014 ዓ.ም. መከላከያ መጀመሪያ የተያዘለት 22 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ በጥር ወር የ122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ታወጀ፤ የአንበሳውን ድርሻ መከላከያ ወሰደ። ለ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ786 ቢሊዮን ብር በላይ ከሆነው በጀት 84 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ተመደበ። በዚያው በጀት ለዕዳ ክፍያ የተያዘው ስንት ነበር? ከ120 ቢሊዮን በላይ! ጦርነት ላይ ባለች አገር፣ በጦርነቱ ዓመት፣ አበዳሪው ከወታደሩ በልጦ በላ።

የጎደለው ከየት ተሞላ? ከብሔራዊ ባንክ በተወሰደ ብድር፣ በግምጃ ቤት ሰነድ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የግል ባንኮች ከሚያበድሩት አዲስ ብድር ከመቶ 20ውን ቦንድ እንዲገዙ በማስገደድ። ይህ ሁሉ ሲመነዘር የጤፍ ዋጋ ነው። የዋጋ ንረቱ በመቶ 30 ሲያልፍ የገበያው ሰው «ነጋዴው ጨከነ» አለ፤ ነጋዴውም «ዶላሩ ነው» አለ። የጦርነቱ ሒሳብ እኮ ነው በኪሎ እየተመዘነ የተሸጠልን። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ግብር መጀመሪያ የሚያርፈው በራሱ በወታደሩ ቤተሰብ ላይ መሆኑ ነው። ምሽግ ያለው ሰው የሚልካት ደሞዝ ቁጥሯ አልተለወጠም፤ ቤት ስትደርስ ግን ግማሽ ሆናለች። ለአገሩ ሊሞት የተሰለፈ ሰው ልቡ ቤቱ ዱቄት ላይ ከሆነ፣ የቱ ድሮን ነው ያን ጉድለት የሚሞላው?

በጥር 2013 ዓ.ም. መንግሥት ዕዳው እንዲሸጋሸግለት በሃያዎቹ ባለጸጋ አገሮች ማዕቀፍ ጥያቄ አቀረበ። የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ፣ ቻይናና ፈረንሳይ የሚመሩት፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ቢቋቋምም ጦርነቱ እያለ ነገሩ አልተንቀሳቀሰም። በመርሕ ደረጃ ስምምነት የተገኘው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ 8.4 ቢሊዮን ዶላር የሚመለከት። አራት ዓመት! በዚያ አራት ዓመት ውስጥ አዲስ አበዳሪ ፊቱን አዞረ፤ የውጭ ምንዛሪ ክምችታችን የአንድ ወር ሸቀጥ እንኳ የማይገዛ ሆነ። ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. መከፈል የነበረበት የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳይከፈል ቀረ፤ የተሰጠው የሁለት ሳምንት ዕፎይታም አለፈ። መንግሥት «ገንዘብ አጥቼ አይደለም፤ አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ነው» አለ። ምክንያቱ ሐሰት ነው አልልም፤ እንዲህ ያለ ድርድር ያን ይጠይቃል። ግን ስም ስም ነው። ኢትዮጵያ ዕዳዋን ያልከፈለች ተብላ ተመዘገበች።

የዕፎይታው ጊዜ ባለፈ በሳምንቱ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን፣ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ስምምነት ተፈረመ፤ በውስጡ የባሕር ኃይል ሰፈር ጉዳይ አለበት። የባሕር በር ጥያቄ ያለ ዕድሜው የመጣ ጥያቄ ነው የሚሉትን አልደግፍም፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ቢጠይቅ ያንስበታል እንጂ አይበዛበትም። ግን የሠላሳ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ወለድ ያልከፈለ አገር በምን ገንዘብ የጦር መርከብ ሊገዛ ነው? የወደብ ወታደር ደሞዙ በምን ይከፈላል? ጎረቤቶቻችንስ እነዚህን ሁለት ዜናዎች ጎን ለጎን ሲያነቡ ምን አሉ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዳይሆን እፈራለሁ። ባላንጣ የሚፈራው መግለጫችንን ሳይሆን ካዝናችንን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ተለቀቀ። አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን የአራት ዓመት ብድር ተፈቀደ። እርምጃው ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን ለኢኮኖሚስቶች እተወዋለሁ፤ እነሱም አልተስማሙም። ከኔ ጉዳይ ጋር የሚያያዘው ግን እዚህ ጋ ነው። የጄት ነዳጅ በዶላር ነው። የሄሊኮፕተር መለዋወጫ በዶላር ነው። ጥይት ከውጭ ከመጣ በዶላር ነው። የውጭ ዕዳም በዶላር ነው። ብር በግማሽ ሲወርድ አራቱም በአንድ ሌሊት በእጥፍ ይወደዳሉ። የ2018 ዓ.ም. በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው ሲባል የገረማችሁ ካላችሁ ቁጥሩን በዶላር አድርጉትና እዩት፤ እብጠቱ ይቀንሳል።

ሌላው መንገድ የዝምታው መንገድ ነው። አበዳሪ ሁልጊዜ ባንክ አይደለም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ 3 ቢሊዮን ዶላር ቃል ስትገባልን፣ 1 ቢሊዮኑ ብሔራዊ ባንካችን ውስጥ የሚቀመጥ ነበር። በጭንቅ ጊዜ የደረሰ ወዳጅ ይመሰገናል፤ እኔም አመሰግናለሁ። ግን በቀይ ባሕር ዙሪያ፣ በሱዳን፣ በየመን የራሱ ፍላጎት ያለው አገር ገንዘቡ ካዝናችን ውስጥ ሲቀመጥ፣ በዚያ አካባቢ ስለምንናገረውና ስለማንናገረው ነገር ሁለት ጊዜ እንድናስብ ያደርገናል። አሜሪካም ብትሆን በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በህዳሴው ግድብ ምክንያት ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን ዕርዳታ አግዳብናለች። ዕርዳታውን ያገደች አገር ብድሩን ብትይዝ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?

ስለ ግድቡ ካነሳሁ አይቀር፣ ለክርክሬ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለኝም። ግብፅ የዓባይ ፕሮጀክት የውጭ ብድር እንዳያገኝ ለዓመታት በየአበዳሪው ደጅ ስትዞር ኖራለች፤ በብዙም ተሳክቶላታል። ግድቡን ግን አላቆመችውም። ምክንያቱም የግድቡ አበዳሪ የመርካቶ ነጋዴ፣ የገጠር አስተማሪ፣ ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ፣ ቤይሩትና ሪያድ ያሉ እህቶቻችን ነበሩ፤ ቀሪው ከንግድ ባንክ ነው። ጫናውን እናውቃለን፤ ከደሞዝ ሳይጠየቅ የተቆረጠበት ስንት ነው! ቢሆንም 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ስልክ ደውሎ «አቁሙ» የሚል አበዳሪ አልነበረም። እስማኤል በብድር ጦር ልኮ ያጣውን፣ የኛ ሰው በሃምሳና በመቶ ብር ቦንድ አገኘው።

በሌላውም ዓለም ያው ነው። ስሪላንካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቆመች፤ በዓመቱ መንግሥቷ 200 ሺህ ገደማ የሆነውን ምድር ጦሯን መጀመሪያ ወደ 135 ሺህ፣ በ2030 ወደ 100 ሺህ እንደሚያወርድ አስታወቀ። የጦር ኃይሏን መጠን የወሰነው ጄኔራል ሳይሆን ሒሳብ ሠራተኛ ነው። አሜሪካ እንኳ፣ ዶላሩን ራሷ የምታትመው አሜሪካ፣ በ2024 የበጀት ዓመት ለወለድ የከፈለችው ለመከላከያ ካወጣችው በለጠ። የጦር ኃይሎቿ ኤታማዦር ሹም የነበሩት አድሚራል ማይክ ማለን ገና በ2010 ያገራቸው ዋና የደኅንነት ሥጋት ዕዳው መሆኑን ተናግረው ነበር። ወታደር ናቸው፤ ኢኮኖሚስት አይደሉም።

«ታዲያ አገር ስትወረር ብድር ይቅር ልትል ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አልልም! ቤት ሲቃጠል የውሃ ዋጋ አይጠየቅም። ምኒልክም ተበድረዋል ብያለሁ። ጥያቄዬ ስንት ተበደርን፣ ከማን፣ በምን መያዣ፣ እስከ መቼ፣ ማንስ ፈቀደው የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ በጀት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ይላል፤ የብድር ስምምነቶችም በአዋጅ ይጸድቃሉ። ያጸድቃቸዋል እንጂ ይመረምራቸዋል ማለት ያስቸግረኛል። የብድር አዋጅ በአንድ ጠዋት ገብቶ በዚያው ጠዋት በጭብጨባ የሚወጣበትን ጊዜ ስንት ዓመት ስናይ ኖርን! ተቃውሞ ድምፅ ቢኖር እንኳ በጣት የሚቆጠር ነው።

የጦር ምስጢር ይጠበቅ። የሚሳኤል ቁጥር ጋዜጣ ላይ ይውጣ የሚል እብድ አይደለሁም። የብድር ውል ግን የጦር ምስጢር አይደለም፤ አበዳሪው ያውቀዋል፤ የአበዳሪው መንግሥት ያውቀዋል፤ ምናልባት ባላንጣችንም ያውቀዋል። የማያውቀው ከፋዩ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጪው ሰኔ በጀቱ ምክር ቤት ሲቀርብ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሦስት ነገር ይዘው እንዲመጡ በዚህ አምድ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ መንግሥትም ሆነ የመንግሥት ድርጅቶች ከተበደሩት ውስጥ መያዣ የተሰጠበት ካለ፣ መያዣው ወደብ ይሁን መሬት ይሁን የኤክስፖርት ገቢ፣ ዝርዝሩ። ሁለተኛ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ለጦርነቱ የወጣው ገንዘብ ምን ያህሉ ብድር እንደነበረና መቼ ተከፍሎ እንደሚያልቅ። ሦስተኛ፣ በዕዳ ማሸጋሸጊያው ድርድር አበዳሪዎች በመከላከያ ወጪ ላይ ያቀረቡት ጥያቄ ካለ፣ ምን ተብሎ እንደተመለሰላቸው። ምክር ቤቱም የመከላከያ ሒሳብ በዋናው ኦዲተር እንዲታይ ያድርግ፤ የመሣሪያውን ዓይነት ሸፍኖ የብሩን ቁጥር ማየት ይቻላል፤ ሌሎች አገሮች ያደርጉታል። መልሱ ከሚኒስቴሩ በጽሑፍ ከደረሰን አንዲት ቃል ሳንቀንስ በዚሁ ገጽ ላይ እናትመዋለን።